ለሥነ ልቦና ምክር ሲሄዱ፦ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ

«ምክር» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። መካሪ ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ወይም ታላቅ እህት ነው፤ ጉዳዩን ሰምተው «እንዲህ ብታደርግ ይሻላል» ይላሉ፣ ነገሩም በአንድ ቁጭታ ያልቃል። የሥነ ልቦና ምክር ግን በሳምንት አንድ ጊዜ እየተገናኙ፣ በመሃሉ የቤት ሥራ እየሠሩ፣ በብዛት ከ8 እስከ 20 ቀጠሮ የሚወስድ ሕክምና ነው። «ሄጄ ነበር፣ ዝም ብሎ ሰማኝ እንጂ ምንም አልነገረኝም» ብለው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የቀሩ ሰዎች ያቋረጡት ገና ያልተጀመረ ነገር ነው። ከዚህ በታች ምን ይዘው እንደሚሄዱ፣ ማንን እንደሚያዩ፣ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ሕክምናው እየሠራ አለመሆኑንም በምን እንደሚያውቁ ተጽፏል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ነገር ካለ

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከነዕቅዱ ከመጣ፣ ሰውየው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሰምቶ የሚታዘዘው ከሆነ፣ ለቀናት ሳይተኛ ንግግሩና ጉልበቱ ልክ ካጣ፣ ወይም ምግብና ውሃ ካቆመ፣ የምክር አገልግሎት ወረፋ አይያዝም። በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይወሰዳል። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። አሜሪካ የሚኖር ሰው 988 ይደውል፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ በአገሪቱ ሁሉ የሚሠራ መስመር ስለሆነ «አማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እስራኤል ውስጥ የኤራን መስመር 1201፣ በብሪታንያ 116 123፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ የድንገተኛ ጥሪው 112 ነው።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። በተረጋጋ ድምፅ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሰውየው ብቻውን የተሸከመውን እንዲያካፍል በር ይከፍታል። «አዎ» ካለ አይገሥጹት፣ «ኃጢአት ነው» ብለውም አይጀምሩ፤ ብቻውን አይተዉት። በዚያው ዕለት ፀረ ተባይ ኬሚካልንና የመድኃኒት ክምችትን ከቤት ያውጡ፣ ካልሆነም ቁልፉ ሌላ ሰው ዘንድ በሚቀመጥ ሣጥን ይቆልፉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከባዱ ግፊት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበርድ፣ በእነዚያ ሰዓታት ገዳዩ ነገር ከእጅ መራቁ ሕይወት ያተርፋል።

1. የሚሰማዎትን በወረቀት ያስቀምጡ

በእኛ ዘንድ ጭንቀትና ድባቴ (ዲፕረሽን) በአብዛኛው በሰውነት በኩል ነው የሚናገረው፦ «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «ደረቴን ይጫነኛል»፣ «ማሰብ በዛብኝ»። ስለዚህ ብዙ ሰው ለጨጓራ፣ ለነርቭ፣ ለታይፎይድ ሲታከም ከርሞ ነው ወደ አማካሪ የሚመጣው። እነዚህን አባባሎች ወደ «ሳይንሳዊ» ቃል ለመተርጎም አይሞክሩ፤ እንዳሉ ይጻፏቸው። ከጎናቸው መቼ እንደጀመሩ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ሲብስብዎትና ሲቀልልዎት ምን እየሠሩ እንደነበር ያስፍሩ። ቡና፣ ጫት፣ አልኮልና ሲጋራ በቀን ምን ያህል እንደሆነም ሳይቀንሱ ይጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል።

በተጨማሪ ፒ ኤች ኪው 9 የሚባለውን የድባቴ መጠይቅ ይሙሉ። ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ባለፉት 2 ሳምንታት የነበረውን የሚጠይቁ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ሲያዝለት ድምሩ ከ27 ነው። ከ5 እስከ 9 ቀላል፣ ከ10 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከ15 እስከ 19 ከመካከለኛ ከፍ ያለ፣ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ ከ0 በላይ ካስመዘገቡ ድምሩ ዝቅተኛ ቢሆንም ለባለሙያው መንገር አለብዎት። ውጤቱ ብቻውን በሽታ አይሰይምም፤ በኋላ ለውጥን ለመለካት ግን እንደ መነሻ ምልክት ያገለግላል። ስለዚህ ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡት።

2. ሰውነትንም ያስመርምሩ

እንቅርት ካለ ወይም እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ክብደት ከቀነሱ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የታይሮይድ ዕጢ ሲፈጥን ጭንቀትን፣ ሲዘገይ ድባቴን ይመስላል። የደም ማነስም ድካምን ያመጣል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ፦ ኤፋቫይረንዝ ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት ቅዠትና የስሜት መውረድ ሊያስከትል ይችላል፣ ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍና ስሜት ይረብሻል። ይህን የምናነሳው ምርመራው አንድ ጊዜ በደንብ ተደርጎ እንዲዘጋ ነው። ውጤቱ ደህና ሆኖ እያለ በየወሩ አዲስ ላቦራቶሪ መፈለግ ራሱ የጭንቀቱ አንድ መልክ ይሆናል።

3. ከየትኛው ባለሙያ ጋር?

ሳይካትሪስት የሕክምና ዶክተር ነው፤ በሽታውን ይለያል፣ መድኃኒት ያዛል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ምዘናና የሥነ ልቦና ሕክምና ይሰጣል፣ መድኃኒት አያዝም። ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂስት በትዳር፣ በሐዘን፣ በሥራና በመካከለኛ ጭንቀት ላይ ይሠራል። በብዙ ወረዳዎች ግን መጀመሪያ የሚያገኙት የሳይካትሪ ነርስ ወይም የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው፤ ለመነሻ በቂ ነው። ራሱን «የሕይወት አሠልጣኝ» ወይም «አነቃቂ» የሚል ሰው ደግሞ ንግግሩ ቢያምርም ሕመም እንዲያክም አልሠለጠነም።

በአዲስ አበባ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ የአእምሮ ሆስፒታል በአገሪቱ ቀደምቱ ነው። «አማኑኤል ገባ» እንደ ስድብ መነገሩ ስንቱን ሰው ከሕክምና እንዳስቀረ ማሰብ ያሳዝናል። ከእሱ ሌላ በቅዱስ ጳውሎስ፣ በዘውዲቱና በጥቁር አንበሳ፣ ከአዲስ አበባ ውጭም በጎንደር፣ በጅማና በሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ አገልግሎት አለ። የመንግሥት ተመላላሽ ክፍሎች ወረፋ ስለሚበዛባቸው ቆይታው ብዙ ጊዜ አጭርና በመድኃኒት ላይ ያተኮረ ይሆናል፤ ስለዚህ ካርድ ሲያወጡ «የሥነ ልቦና ሕክምና የሚሰጥ ሳይኮሎጂስት አለ ወይ?» ብለው ለይተው ይጠይቁ። «የንግግር ሕክምና» ብለው ከጠየቁ ግን ለመናገር የሚቸገሩ ልጆች ወደሚታከሙበት ክፍል ሊልኩዎት ይችላሉ።

ውጭ አገር ላሉ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን፦ ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። ልጁ ሊሸከመው የማይገባውን ይሸከማል፣ እርስዎም ዋናውን ነገር ይደብቃሉ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። የሚያውቁት ሰው እንዳይመጣ ከሠጉ፣ ስምዎ ሳይነገር በስልክ የሚሠራ፣ ከሌላ ከተማ የሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በእስራኤል ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአእምሮ ጤና አገልግሎት በጤና ፈንዶች በኩል ስለሆነ፣ መነሻው የራስዎ ጤና ፈንድ (ኩፓት ሆሊም) ነው።

4. ከመቀጠርዎ በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በስልክ 5 ደቂቃ ይበቃል። ምን ተምረዋል፣ ፈቃድዎስ? እንደኔ ያለ ችግር ያለበትን ሰው በምን ዘዴ ያክማሉ? አንዱ ቀጠሮ ስንት ደቂቃ ነው፣ ክፍያውስ ስንት ነው፣ ብቀር እከፍላለሁ? መሻሻሌን በምን ይለካሉ? ሴት ባለሙያ ከፈለጉ አሁኑኑ ይናገሩ፤ ማንም አይቀየምዎትም። ለዘዴው ጥያቄ «እንደ ሁኔታው» ብቻ ብሎ የሚያልፍ፣ ወይም «በሦስት ቀን እፈውስዎታለሁ» የሚል ሰው ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

5. የመጀመሪያው ቀን

ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፤ አብዛኛው ጥያቄና መልስ ነው። ባለሙያው ስለ አስተዳደግዎ፣ ስለ ቤተሰብ ሕመም፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሱስ፣ ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። ምስጢር መጠበቁንና መጠበቅ የማይችልበትን ወሰን ሊነግርዎት ይገባል፦ የእርስዎ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሕፃን ሲጎዳ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ። ካልነገረዎት ይጠይቁ። ትልቁን ጉዳይ ዛሬ ካልተናገርኩ ብለው አይጨነቁ። «ገና ለመናገር ያልቻልኩት አንድ ነገር አለ» ማለት ራሱ ጠቃሚ መረጃ ነው።

በዚያው ዕለት ወይም በሁለተኛው ቀጠሮ ግብ ይቀመጣል። «ደስተኛ መሆን» ግብ አይሆንም፣ አይለካም። «በሳምንት 5 ቀን ሥራ መግባት»፣ «ሚኒባስ ላይ ብቻዬን መሄድ»፣ «ከእናቴ ጋር ሳልጮህ ማውራት» ይለካሉ።

6. ዘዴዎቹና የሚሠሩበት መንገድ

ሲቢቲ ወይም የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና የሚባለውን አሮን ቤክ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጀመረው። መነሻው አጭር ነው፦ ስሜታችንን የሚወስነው የሆነው ነገር ብቻ አይደለም፣ ለሆነው ነገር የሰጠነው ትርጉምም ነው። ሥራው የሚካሄደው በሐሳብ መዝገብ ነው። ለምሳሌ ጎረቤት ቡና አፍልታ ሳትጠራ ቀረች። የመጣው ሐሳብ «ሁሉም ጠልቶኛል» ነው፤ እምነቱ ከ100 ውስጥ 90። ስሜቱ ሐዘን፣ 80። ቀጥሎ ሐሳቡን የሚደግፍ ማስረጃ ይጻፋል፣ ከዚያም የሚቃወመው፦ ባለፈው ሳምንት ጠርታኝ ነበር፤ ዛሬ እንግዳ መጥቶባታል፤ ሌላዋ ጎረቤት ትናንት ደውላልኛለች። መጨረሻ ላይ የተመዘነ ሐሳብ፦ «ዛሬ አልጠራችኝም፣ ምክንያቱን ገና አላወቅሁም»። ሐዘኑ እንደገና ሲለካ 45 ላይ ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ማስረጃ መመርመርን ትተን ራስን በመልካም ቃል መሸንገል ነው። «ሁሉም ይወደኛል» ብሎ መጻፍ አይሠራም፤ አእምሮ አያምነውም። ሌላው ስህተት መዝገቡን ከቀጠሮው በፊት ባለው ማታ በአንድ ላይ መሙላት ነው፤ ነገሩ በሆነ በሰዓቱ ካልተጻፈ ሐሳቡ ይጠፋል።

ለድባቴ ከዚህም ቀለል ብሎ የሚሠራ ዘዴ አለ፣ ሰውየውን ወደ እንቅስቃሴ መመለስ። ድባቴ «ሲሻለኝ እወጣለሁ» ያሰኛል፤ ሕክምናው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፣ መውጣቱ ነው መሻሉን የሚያመጣው። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ የሠሩትን ይጻፉ፤ እያንዳንዱን በደስታና «ሠራሁት» በሚል ስሜት ከ0 እስከ 10 ይመዝኑ። ቀጥሎ ከፍ ያለ ነጥብ ካገኙት 2 ወይም 3 ይምረጡና ቀንና ሰዓት ይቁረጡላቸው፦ ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት፣ 10 ደቂቃ በእግር። የሚያከሽፈው «ነገ ቤቱን በሙሉ አጸዳለሁ» ማለት ነው። በጣም ትንሽ የሚመስለውን ይውሰዱና እሱንም በግማሽ ይቀንሱት።

ፍርሃትና ድንገተኛ የልብ ምት ላለበት ሰው ዋናው መድኃኒት የሚፈራውን በደረጃ መጋፈጥ ነው። ሚኒባስ የሚፈራ ሰው መሰላሉን እንዲህ ይሠራል፦ ፌርማታ ላይ 20 ደቂቃ መቆም፣ ፍርሃት ከ100 25፤ ባልተጨናነቀ ሰዓት ከወንድሙ ጋር አንድ ፌርማታ መሄድ፣ 40፤ ብቻውን፣ 60፤ በሥራ መውጫ ሰዓት የኋላ ወንበር መሃል መቀመጥ፣ 85። እያንዳንዱ ደረጃ በሳምንት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ይደጋገማል። ፍርሃቱ ጣሪያ ሲነካ «ወራጅ አለ!» ብሎ መውረድ ነው ሁሉን ነገር የሚያፈርሰው፤ አእምሮ የሚማረው «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» የሚለውን ነውና። ከዚህ ይበልጥ የሚያዘናጋው ድብቁ መከላከያ ነው፦ ፌስታል በኪስ፣ ውሃ በእጅ፣ ሁልጊዜ በመስኮት በኩል፣ እህት በስልክ መስመር ላይ። ሰውየው ይጓዛል፣ ፍርሃቱ ግን አይለቀውም። እነዚህንም አንድ በአንድ ማስወገድ የመሰላሉ አካል ነው።

የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ ለሚያስጨንቀው፣ እጅ ደጋግሞ ለሚያስታጥበው ወይም በር ደጋግሞ ለሚያስፈትሸው ሕመምም ተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ ሰውየው ሐሳቡ እንዲመጣ ፈቅዶ ድርጊቱን ይከለክላል። በምእመናን ዘንድ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚያልፍ መልክ አለው፦ በጸሎት ሰዓት የስድብ ሐሳብ ይመጣል፣ ሰውየው ደንግጦ ጸሎቱን ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለዚያው ሐሳብ ንስሐ ይገባል። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም፣ ሕመም ነው። እዚህ ላይ አማካሪውና የንስሐ አባቱ በታካሚው ፈቃድ ቢነጋገሩና አባ «ለዚህ ሐሳብ አንድ ጊዜ ተናዘሃል፣ ይበቃል» ቢሉት ሕክምናው በእጅጉ ይቀላል።

አይፒቲ፣ ማለትም ግንኙነት ላይ ያተኮረው ሕክምና፣ በ1970ዎቹ በጄራልድ ክለርማንና በሚርና ዋይስማን ተዘጋጀ፤ ከ12 እስከ 16 ቀጠሮ ይወስዳል። ድባቴውን ከአራቱ ከአንዱ ጋር ያያይዛል፦ ከሐዘን፣ ከአለመግባባት፣ ከሕይወት ለውጥ፣ ወይም ከብቸኝነት። በ2003 ውጤቱ በታተመ ጥናት በኡጋንዳ ገጠር በቡድን ተሰጥቶ ድባቴን በግልጽ ቀንሷል። ለእኛ ኑሮ ቅርብ ይመስለናል፤ ከአረብ አገር ተመልሳ ቤተሰቧ ውስጥ ቦታዋን ያጣች ወጣት፣ ወይም የእናቱን መርዶ በስልክ ሰምቶ ልቅሶ ሳይደርስ፣ አርባውንና ሙት ዓመቱን ሳያወጣ በስደት የቀረ ሰው ጉዳዩ በትክክል የሚነሳው እዚህ ነው። ሐዘን በራሱ ሕመም አይደለም። ከ6 ወር በኋላም ኑሮን ሙሉ በሙሉ ካስቆመ ግን ሕክምና ይገባዋል።

ጦርነት፣ መደፈር ወይም የስደት መንገድ ላይ የደረሰ መከራ ትዝታው ላልለቀቃቸው ሰዎች ሁለት ዘዴዎችን እናንሳ። የሕይወት ታሪክን በመተረክ የሚሠራው ዘዴ መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ክፉ ጊዜ በድንጋይ፣ መልካም ጊዜ በአበባ ምልክት ይደረጋል፣ ከዚያ ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል ይተረካል። አንዱ ቀጠሮ 90 ደቂቃ ያህል ነው። ሁለተኛው በ1987 ፍራንሲን ሻፒሮ የጀመረችው ኢኤምዲአር ነው፤ ትዝታው እየታሰበ ዓይን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይንቀሳቀሳል፣ 8 ምዕራፎች አሉት። በሁለቱም ባለሙያው መጀመሪያ የማረጋጋት ልምምድ ያስተምራል። አደጋው ከደረሰ በነጋታው ሰዎችን ሰብስቦ ሁሉን በአንዴ ማስወራት ግን አይጠቅምም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም።

ሳይኮሎጂስት በሌለበት ቦታ ፒኤም ፕላስ የሚባል የዓለም ጤና ድርጅት መርሐ ግብር አለ፤ የሠለጠነ ሰው፣ የጤና ባለሙያ ባይሆንም፣ በ5 ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ፣ ይሰጠዋል። ለጫትና ለአልኮል ደግሞ ሰውየው የራሱን ምክንያት ራሱ እንዲናገር የሚያግዝ ዘዴ አለ፤ መገሠጽ የበለጠ እልህ ያስይዛል።

7. መድኃኒት፣ ጸበል፣ ጾም

ለከባድ ድባቴ ምክርና መድኃኒት አብረው ሲሄዱ የተሻለ ይሠራል። የድባቴ መድኃኒት የሆነው ፍሉኦክሰቲን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሳይሞላው ለውጥ ላያሳይ ይችላል፤ ማቅለሽለሹና መቅበጥበጡ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይመጣል። ብዙ ሰው በ10ኛው ቀን የሚያቆመው ለዚህ ነው። ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ከ6 እስከ 9 ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ሌላው የድባቴ መድኃኒት አሚትሪፕቲሊን ከታዘዘለት የወሩን ሳይሆን የሳምንቱን ብቻ እንዲሰጡት ይጠይቁ፤ በብዛት ሲወሰድ ለልብ አደገኛ ነው።

ጸበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም። ለአጥማቂው አስቀድመው ይንገሩ፣ መድኃኒቱን የሚሰጥ ዘመድም አብሮ ይሂድ። መታሰርን ወይም መመታትን አይፍቀዱ። በጾም ጊዜ፣ በረመዳንም ቢሆን፣ የመድኃኒት ሰዓት ብዙ ጊዜ መዛወር ይችላል። ለስሜት መዋዠቅ የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ውሃ የማይጠጣበትን ጾም ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር፤ የሰውነት ውሃ ሲቀንስ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እስከ መመረዝ ሊከማች ይችላል።

8. እየሠራ መሆኑን መለካት

በየ2 ሳምንቱ ፒ ኤች ኪውን እንደገና ይሙሉ። 5 ነጥብ መውረድ እውነተኛ ለውጥ ነው፣ በግማሽ መውረድ ጥሩ ውጤት ነው። በ6ኛው ሳምንት ምንም ካልተንቀሳቀሰ ለባለሙያው በግልጽ ይንገሩ፦ «ቁጥሩ አልወረደም፣ ምን እንቀይር?» የቤት ሥራው አልተሠራ ይሆናል፣ ሕመሙ በትክክል አልተለየ ይሆናል፣ መድኃኒት ያስፈልግ ይሆናል፣ ወይም ቤት ውስጥ ድብደባ ቀጥሎ ይሆናል፤ የመጨረሻው ከሆነ የሐሳብ መዝገብ ሳይሆን ደኅንነት ይቀድማል። በይሉኝታ «ደህና ነኝ» እያሉ መሄድ ገንዘብና ጊዜ ያባክናል።

በመሃል ባለሙያው የግል ጓደኝነት ከጠየቀ፣ ያለ አግባብ ከነካዎት፣ ብድር ካነሳ ወይም የሌላ ታካሚ ታሪክ በስም ከነገረዎት ያቋርጡ፣ ለተቋሙ ኃላፊም ያመልክቱ። ሲያወሩ ማልቀስ፣ ከቀጠሮ በኋላ አንድ ቀን መክበድ ግን የተለመደ ነው።

ሲጨርሱ በድንገት አይቁረጡ። የመጨረሻዎቹን 3 ቀጠሮዎች በ2 ሳምንት፣ ከዚያ በወር ያራርቋቸው። በመጨረሻው ቀን ከባለሙያው ጋር አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ሕመሙ ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት (ለምሳሌ 3 ሌሊት በተከታታይ ከንጋቱ 10 ሰዓት መንቃት)፣ ባለፈው የሠራው ልምምድ፣ የሚደወልላቸው 2 ሰዎች። ወረቀቱን መታወቂያዎ ከሚቀመጥበት ያኑሩት፤ ፒ ኤች ኪው እንደገና 10 ከደረሰ በዚያው ሳምንት ደውለው ቀጠሮ ይያዙ።